ክዳኑን አትክፈት

ዝናብ የማያባራባትን ደሴት፣ ቺሎኤ ይሏታል፤
ቤቱ በእንጨት እግሩ ቆሞ፣ ማዕበል ሥሩን ይጎትታል።
ኦቲሊያ ዳሌዋን ልትታከም፣ ወደ ፖርቶ ሞንት ስትሻገር፣
ስለ ሳጥኑ እንጂ ስለ ራሷ፣ አልነበራትም ነገር።

ሳጥኑ የሳልሞን ማሸጊያ ነው፣ ከፋብሪካ ደጅ የተጣለ፤
በጎኑ መስተዋት አለው፣ በሆዱ አምፖል ያንጠለጠለ፤
የሰርዲን ቆርቆሮ ውሃ፣ አየሩን እያረጠበ፣
ያሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ፣ ሙቀቱን ዙሪያ እየሳበ።
ሃያ አራት እንቁላል፣ ሁሉም ሰማያዊ፤
ማንም ቀለም አልቀባቸው፣ ያገሩ ዶሮ ነው፣ ተፈጥሯዊ።
በአንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ፣ በእርሳስ ያኖረችበት፤
ጧት፣ ቀትር፣ ማታ ያገላብጥ፣ አስኳሉ እንዳይጣበቅበት።

«አሥራ ስምንተኛው ቀን ሲሆን፣ ማገላበጡን ተው።
ከዚያ ወዲያ ክዳኑን አትክፈት፤ ቢጮኹም፣ ቢያሳዝኑህም፣ ተው።»

ሮሴንዶ አርባ ዓመት ሙሉ፣ የጀልባ ሞተር ሲፈታ፣
የቆመ ነገር እያየ፣ እጁ አያውቅም ሊገታ።
በሰባተኛው ሌሊት ባትሪውን፣ ከእንቁላሉ ሥር ለኮሰ፤
ቀይ ሥር፣ እንደ ሸረሪት እግር፣ ካንድ ነጥብ ተነሥቶ ፈሰሰ፤
ነጥቡ ይመታል። «ተነሣ» አለ ለብቻው፣ «ሞተሩ ተነሣ!»
ያን ሌሊት ራት መብላት፣ ምድጃ መቆስቆስ ረሳ።
አምስቱ ባዶ ብርሃን፣ ምንም የሌላቸው፤
ባሕር ሊጥላቸው ወጣ፣ ተመልሶ መስኮት ላይ ደረደራቸው።
ጎረቤቱ ኤርሚኒዮ መጥቶ፣ ድንች እንደተሸከመ ደጁ ቆየ፤
«እርጉዝ ነህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ጎንበስ ብሎ እሱም አየ።

በአሥራ ስድስተኛው ሌሊት፣ ነፋሱ የመብራት እንጨት ጣለ፤
አምፖሉ ጨለመ፤ ቴርሞሜትሩ፣ ቁልቁል መውረድ ቀጠለ፤
ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አራት፤
የሚያወርድ እንጂ የሚያቆም፣ ደረጃ የሌለበት።
ጠርሙሶቹን ፍል ውሃ ሞልቶ፣ በካልሲው ውስጥ ቀበረ፤
ሳጥኑን የሷን ካፖርት አልብሶ፣ እንደ ዶሮ ታቅፎ አደረ።
ካፖርቱ እሷን እሷን ይላል፣ የሳሙና የእንጨት ጭስ፤
አልተነቃነቀም ሮሴንዶ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ።

በሃያኛው ቀን ከቅርፊት ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤
ወንበር ሳጥኑ ፊት ዘርግቶ ቁጭ አለ፣ እንደ ሲኒማ።
ቅርፊት ሲሰነጠቅ አየ፣ መንቁር ሲወጣ፣ ሲያርፍ፣
እርጥብ ነገር ሲንፏቀቅ፣ ባልንጀራው ላይ ሲደገፍ።
አሥራ ሁለት ወጡ። ስድስቱ ዝም። አንዱ ግን ቀዳዳ በስቶ፣ ደክሞ፣
መንቁሩን ብቻ አውጥቶ ቀርቷል፤ እንደ ሞተር፣ ቆሞ።

ተነሣ። ተቀመጠ። እጁን ታጠበ።
«ጥቂት ብረዳው» ሲል አሰበ።
ክዳኑን ከፈተ።
ቅርፊቱን በጥፍሩ ጫፍ፣ ቆንጥሮ ቆንጥሮ ፈተፈተ።
ከሥሩ ያለችው ስስ ቆዳ፣ ደሟን ገና አልጨረሰችም፤
የምትጠብቃት ሰዓት፣ ገና አልደረሰችም።
እንደ ቀይ ክር ደም ወጣ። ጫጩቱ መዳፉ ላይ ነቃ፤
አንዴ አየው፣ ወይም መሰለው፤ ከዚያ በኋላ በቃ።

እንቁላል በእግሩ የሚሄደው፣ ቀስ ያሉለት ነው ለካ፤
ያጣደፉት መዳፍ ላይ ቀረ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ።

እሑድ ደወለች። «ስንት?» አለች፤ እንዴት ነህ አላለችም።
«አሥራ ሁለት» አለ። ዝም አለች፤ መልሳ አልጠየቀችም።
ስልኩን ከሳጥኑ አስጠግቶ፣ ጫጫታቸውን አሰማት፤
ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቀማት።
ከዚያ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ክዳኑን ከፍተሃል፣ አይደል?»
ማዕበሉ ብቻ መለሰ፣ የቤቱን እግር ሲበድል።
«እኔም በመጀመሪያው ዓመት፣ ሦስቱን እንዲያ አድርጌ፣
ካጥሩ ሥር ቀብሬያቸዋለሁ፣ ካንተም ከሰውም ሸሽጌ።»

የሻይ ቆርቆሮዋን ይዞ ወጣ፤ ካጥሩ ሥር፣ በዝናብ፣ ቆፈረ፤
የሷ ሦስቱ የት እንዳሉ ስለማያውቅ፣ ቀስ እያለ ነበረ።